አዳማ ላይ ስትፋቱ፦ ንብረቱንና ዕዳውን የሚያካፍላችሁ የትኛው ፍርድ ቤት ነው?

ትዳር ሊፈርስ ሲል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ይደርሰኛል?" ብሎ ነው። የዚህ መልስ ከሞላ ጎደል ይታወቃል፤ የጋራ የሆነው እኩል ይካፈላል። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የት ነው የምከሰው? በየትኛው ሕግ? ቤቱ ቦኩ፣ ኮንዶሚኒየሙ አዲስ አበባ፣ ባልየው ደግሞ ሥራ ብሎ ሐዋሳ ከከረመስ? ባንኩስ ዳኛው የወሰነውን ይሰማል ወይ? መዝገብ የሚዘጋው፣ ወራት የሚባክኑት እዚህ ላይ ነው።

ይህን የጻፍኩት አዳማ ለሚኖር ሰው ነው። "አንቺ" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ወንድ ከሆንክ ለራስህ አዙረህ አንብበው፣ ሕጉ ለሁለታችሁም ያው ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ባልና ሚስት ናቸው። ቦኩ አካባቢ ቤት ሠርተዋል፣ አንድ ባጃጅ አላቸው፣ አዲስ አበባ ደግሞ የባንክ ዕዳ ያልተጠናቀቀበት ኮንዶሚኒየም አለ። ባልየው ለንግድ ብሎ የተበደረው ገንዘብ አለ፣ ሚስትየው ደግሞ ዕቁብ ትጥላለች።

1. የትኛው ሕግ እንደሚገዛሽ እወቂ

አዳማ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናት። ይሄንን ማን አጣው ትይኝ ይሆናል። ግን ቴሌግራም ላይ ያገኘውን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ ሸምድዶ አዳማ ችሎት የሚቀርብ ሰው ብዙ ነው። ያ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ ኦሮሚያ የራሱ አለው፦ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ በአዋጅ ቁጥር 83/1996 ከተሻሻለው ጋር።

በመሠረቱ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚነሱት ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ነው፤ እሱም ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሲኖሩም፣ ሲፋቱም እኩል መብት አላቸው ይላል። ክስሽ ላይ ግን የሚጠቀሰው የኦሮሚያው አንቀጽ መሆን አለበት። እኔ ከዚህ በታች የፌዴራሉን ቁጥር ስጠራ "የፌዴራሉ" ብዬ እለየዋለሁ፤ አቻውን ጠበቃሽ ያወጣልሻል።

2. ፍርድ ቤቱን ለይ

ሦስት ጥያቄ አለ። የትኛው ደረጃ? የትኛው ቦታ? የክልል ጉዳይ ነው ወይስ የፌዴራል? ሰው ሦስቱን ያደበላልቃቸዋል፣ ውጤታቸው ግን የተለያየ ነው።

ደረጃው ቀላል ነው። ፍቺም ሆነ ፍቺን ተከትሎ የሚመጣ የንብረት ክፍፍል ክልል ውስጥ በመደበኛው መንገድ የሚጀምረው ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ከሱ በላይ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ ከዚያ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። አንድ ነገር ልብ በይ፤ አዳማ ከተማና በዙሪያዋ ያለው አዳማ ወረዳ አንድ አይደሉም። ቀበሌሽ የሚወድቀው በየትኛው ፍርድ ቤት ሥር እንደሆነ ሬጅስትራር ጋ ጠይቂ። የንብረቱ ግምት ከፍ ያለ ከሆነም እዚያው ጠይቂ፤ የገንዘቡ መጠን ሥልጣኑን ይነካው እንደሆነ ይነግሩሻል። የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 19 መነሻውን ያስቀምጣል። ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ለኑሮው በሚሠራበት ቦታ ነው። አንቺ ፍራንኮ ብትኖሪ፣ እሱ ግን ጠቅልሎ ሐዋሳ ከገባ፣ "እኔን መክሰስ ያለባት ሐዋሳ ነው" ሊል ይችላል። ጠቅልሎ መግባትና ለሥራ ሄዶ መክረም ግን ይለያያሉ። ልጆቹ አዳማ ከተማሩ፣ መታወቂያው የአዳማ ከሆነ፣ ንግድ ፈቃዱ እዚህ ከወጣ፣ መኖሪያው አዳማ ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ ሁሉም ይጠቅማል።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲኖር አንቀጽ 25 ይመጣል። ስለ ቤትና መሬት የሚቀርብ ክስ ንብረቱ ባለበት ቦታ ይታያል ይላል፤ ንብረቱ በተለያዩ ፍርድ ቤቶች ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ዘንድ ማቅረብ ይቻላል። የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ላይ የባል ጠበቃ የሚመዛት ካርድ ይህቺ ናት። መልስሽን ቀድመሽ አዘጋጂ። ክሱ የባለቤትነት ሙግት ሳይሆን የትዳርን የንብረት ግንኙነት ማጣራት ነው፤ ፍቺውን የወሰነው ፍርድ ቤት የፍቺውን ውጤትም አብሮ ቢጨርስ ይሻላል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚፈጸመው ደግሞ እዚያ ላለው ፍርድ ቤት ተልኮ ሊፈጸም ይችላል። ግን "ኮንዶሚኒየሙ የእኔ ነው" የሚል ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ ወንድሙ፣ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ሙግቱ ከትዳራችሁ ይወጣና የባለቤትነት ክርክር ይሆናል፤ ለሱ ራሱን የቻለ ምክር ያስፈልግሻል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ተከራካሪዎቹ ቋሚ መኖሪያቸው በተለያየ ክልል ከሆነ፣ ወይም አንደኛው የውጭ ዜግነት ከወሰደ፣ የፌዴራል ሥልጣን ጥያቄ ይነሳል። ይሄ ማለት ግን የግድ አዲስ አበባ መመላለስ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው እንዲሠሩ አድርጓል፤ ሰው "የውክልና ሥልጣን" የሚለው እሱን ነው። ስለዚህ እሱ በእርግጥ የሐዋሳ ነዋሪ ከሆነ ወይም አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ከቀየረ፣ ወረዳ ሄደሽ ከመክፈትሽ በፊት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በውክልና ያየው እንደሆነ ጠይቂ። አለበለዚያ ወረዳው ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ "ሥልጣን የለኝም" ሊልሽ ይችላል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤትስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፣ ቁልፉ ግን የሁለታችሁ ፈቃድ ነው። መጥሪያ ከደረሰሽና እዚያ እንዲታይ ካልፈለግሽ፣ ቤት ቁጭ አትበይ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርበሽ "አልተስማማሁም" በይና መዝገብ ላይ ይስፈርልሽ። በፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት የቀረ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል።

ሽማግሌዎችን አልንቅም። አባወራውን ቁጭ አድርገው ቤቱን ማን እንደሚይዝ ካስማሙ ብዙ ወጪ ይቀንሳሉ። ነገር ግን ሽማግሌ የጻፈው ወረቀት ብቻውን ትዳር አያፈርስም፣ ካርታም አያዞርም። ስምምነቱን ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አጸድቁት።

3. ቋንቋው

የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ክስሽም፣ መልሱም፣ ማመልከቻውም በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል። አማርኛ ብቻ የምትናገሪ ከሆነ ችሎት ላይ በአስተርጓሚ ትናገሪያለሽ፤ አያሳፍርም፣ አያስቀርምም። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የአማርኛ ውል እንዲተረጎም ሊታዘዝ ስለሚችል ቀድመሽ አስተርጉሚው።

ፍርድ ቤት አጠገብ ያለ ራፖር ጻፊ ዘንድ ከሄድሽ፣ የጻፈውን በቋንቋሽ መልሶ እስኪነግርሽ ድረስ አትፈርሚ። በክሱ ላይ "የጋራ ዕዳ የለንም" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳታውቂ ከገባ በኋላ አሻሽላለሁ ማለት ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

4. በአንድ መዝገብ ወይስ በሁለት?

ሁለት መንገድ አለ። ከተስማማችሁ፣ ፍቺውንና የንብረቱን አከፋፈል በጽሑፍ አድርጋችሁ በጋራ ታመለክታላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ያያል፣ በነፃ ፈቃዳችሁ መሆኑን ይጠይቃል፣ ያጸድቃል። ካልተስማማችሁ አንዳችሁ የፍቺ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ከወሰነ በኋላ ንብረቱን እንድትስማሙበት ዕድል ይሰጣል፣ ካልሆነ ራሱ ይወስናል።

ብዙ ሰው ፍቺውን ቶሎ ጨርሶ ንብረቱን "ቆይቶ" ይላል። እኔ አልመክርም። በቆየ ቁጥር ባጃጇ ታረጃለች፣ ደረሰኝ ይጠፋል፣ ምስክር አገር ይቀይራል። ፍቺውን ብቻ ካስወሰንሽም፣ ፍርዱ ላይ "ንብረት በሚመለከት መብታቸው የተጠበቀ ነው" የሚል መኖሩን አረጋግጪ።

ለዓመታት ተለያይታችሁ፣ ፍቺ ግን ሳታስወስኑ የቆያችሁም አላችሁ። በወረቀት ደረጃ ትዳሩ አለ፤ ስለዚህ በመሃል የተገዛው ነገር ሁሉ ለጭቅጭቅ ክፍት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት ካለ የሚያርመው) ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ በተግባር እንደፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። በዚህ ተማምነሽ ግን ቤት አትግዢ።

5. ዕግድ፣ ከሁሉም በፊት

ክሱን ያየ ባል መጀመሪያ የሚያስበው ሊብሬውን ነው። ባጃጅ በአንድ ቀን ትሸጣለች። ስለዚህ ክሱን ስታስገቢ የዕግድ ማመልከቻም አብሮ ይግባ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ፍርድ ቤቱ ንብረቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይባክን ማዘዝ ይችላል። ለምን እንደምትሰጊ በቃለ መሐላ አስረጂ፤ ደላላ ሲያነጋግር አይተሽ ከሆነ ጻፊው።

ዕግድ ሲባል ወረቀት ነው፣ ወረቀቱም ቦታው ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ለቤቱ መሬት አስተዳደር፣ ለባጃጇ መንገድ ትራንስፖርት፣ ለሒሳቡ ባንክ፣ ለየብቻው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ላይ የካርታ ቁጥሩ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሒሳብ ቁጥሩ በትክክል ይስፈር። አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች መዝገብ ቤት ያለው ሰው "ይሄ ንብረት እኛ ጋ የለም" ብሎ ይመልሰዋል። ደብዳቤውን ስትሰጪ ቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመችበትና ቀሪውን ያዢ። በኋላ "አልደረሰንም" የሚል ቢመጣ መልስሽ እሱ ነው።

ያለ ፈቃድሽ ቀድሞ ሸጦት ከሆነስ? የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም፣ ለማከራየትም፣ በመያዣ ለመስጠትም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። የፌዴራሉ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ዕቃም፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ይህንኑ ይጠይቃል። 500 ብር! የዛሬን አያድርገውና በ1992 ብዙ ይገዛ ነበር። እንዲህ ያለውን ውል ለማፍረስ የፌዴራሉ ሕግ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ብታውቂም ባታውቂም ደግሞ ከ2 ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ እንደሰማሽ ተንቀሳቀሺ።

6. ዝርዝሩን አዘጋጂ

አንድ ደብተር ክፈቺና በሦስት ዓምድ ጻፊ፦ የእኔ፣ የእሱ፣ የጋራ።

የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በትዳር ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳችሁ ብቻ የመጣ ነው። የቀረው የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ። ይህን ስሚ በደንብ፤ ሊብሬው በሱ ስም መሆኑ ባጃጇን የሱ አያደርጋትም። "የግሌ ናት" የሚለው እሱ ነው የሚያስረዳው። ለአንቺም እንደዚያው ነው፤ ከአባትሽ የወረስሽው ካለ የወራሽነት ማስረጃውን አምጪ።

ብዙ ሰው የሚስተው ኪራይ ነው። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የሱ ከሆነ ቤቱ የሱ ነው፤ በትዳር ዘመን ከቤቱ የተገኘው ኪራይ ግን የጋራ ገቢ ነው። ደመወዝም እንደዚያው።

የቦኩው ቤት ካርታ ካለው ቀላል ነው። ሰነድ አልባ ከሆነ ግን ይከብዳል። ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደር ጽፎ ይጠይቃል፤ "ይዞታው ሕጋዊ አይደለም" የሚል መልስ ከመጣ ቤቱን ማካፈል ጭንቅ ነው። ስለዚህ ከመክሰስሽ በፊት የቤቱን ሁኔታ አጣሪ፣ የግብር ደረሰኝ ካለ ሰብስቢ፣ የግንባታውን ወጪ የሚያሳይ ነገር ሁሉ ያዢ። መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እናንተ የምትካፈሉት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው።

ፍሪጅ፣ ሶፋና ቴሌቪዥንን ቶሎ እለፊ። በነሱ ላይ ችሎት የሚጨቃጨቅ ሰው ለጠበቃ የሚከፍለው ከፍሪጁ ዋጋ ይበልጣል።

7. ዕዳው

ከንብረቱ ይልቅ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ምክንያቱም ንብረትን ፍርድ ቤት ያካፍላል፣ አለቀ። ዕዳ ላይ ግን ችሎት ያልቀረበ ሦስተኛ ሰው አለ፤ አበዳሪው።

መጀመሪያ ዕዳውን ለይ። ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ዕዳ፣ ማለትም ለቤተሰቡ ኑሮ፣ ለልጆች፣ ለቤቱ ግንባታ የወጣ ከሆነ የሁለታችሁ ነው፤ በአንዱ ፊርማ ቢወሰድም በአንድነትና በነጠላ ትጠየቁበታላችሁ። ይህ ማለት አበዳሪው ሙሉውን ከአንዳችሁ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው፣ "ግማሼን ከፍያለሁ" አያድንም። አንዱ ለራሱ ጉዳይ የተበደረው ደግሞ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ ይከፈላል። ከግሉ ካልበቃ ግን አበዳሪው ወደ ጋራው ንብረት መምጣት ይችላል። "የሱ ዕዳ ነው፣ እኔን አይመለከትም" የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

አሁን ወደ ባንኩ። ዳኛው "የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ ባል ይክፈል" ብሎ ቢወስን፣ ውሳኔው የሚሠራው በሁለታችሁ መሃል ነው። ባንኩ በመዝገቡ ውስጥ የለም። የብድር ውሉ ላይ የአንቺ ፊርማ ካለ ወይም ቤቱ በመያዣ ከተያዘ፣ እሱ መክፈል ሲያቆም ባንኩ ወደ ቤቱ ይመጣል። ለዚያውም ፍርድ ቤት ሳይሄድ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ከክሱ በፊት ከባንኩ የዕዳ መግለጫ ደብዳቤ አውጪ፣ ቀሪው ስንት እንደሆነ በቀን ይታወቅ። ብድሩ ወደ አንዳችሁ ስም ሊዞር ይችል እንደሆነ ባንኩን ጠይቂ፤ የሱ ፈቃድ ከሌለ አይሆንም። ካልሆነ ቤቱ ተሸጦ ዕዳው መጀመሪያ እንዲከፈልና የተረፈው እንዲካፈል ጠይቂ፤ ንፁሁ መንገድ እሱ ነው። ዕዳውን አንዱ እንዲሸከም ከተወሰነ ደግሞ ፍርዱ ላይ ሁለት ነገር ይስፈር፦ በየወሩ እስከ መቼ እንደሚከፍል፣ እና ባንኩ ወደ ሌላኛው ቢመጣ የከፈለው ሰው ከባለዕዳው ማስመለስ እንደሚችል። ይህን ዳኛው ከራሱ አያመጣም፣ አንቺ መጠየቅ አለብሽ።

ዕቁቡን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዕቁብ ከወጣላችሁ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው። ካልወጣላችሁ እስካሁን የጣላችሁት ገንዘብ ንብረት ነው። በምሳሌያችን ሚስትየው ወጥቶላት በገንዘቡ የቤቱን ጣሪያ አስመትታ ከሆነ፣ የቀረው መዋጮ የብቻዋ ሸክም መሆን የለበትም። ማስረጃው የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ነው። ቅጠሉን በፎቶ አንሺ፣ ጸሐፊውንና ዳኛውን ምስክር አድርጊ።

ቀጥሎ ያለውን ደጋግመሽ አንብቢ። ፍቺ ሲመጣ ድንገት የሚወለድ ዕዳ አለ። "ከወንድሜ 400 ሺህ ብር ተበድሬ ነበር" ይልሻል፣ ወረቀትም ያሳያል፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ችሎት ላይ በእምነት ወይም በመሐላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀርቢ። መቼ ተጻፈ? ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ገንዘቡ በባንክ ተላለፈ ወይስ በእጅ? ገብቶስ ምን ተሠራበት? ያን ሰሞን የሱን የባንክ ስቴትመንት ፍርድ ቤቱ እንዲያስመጣልሽ ጠይቂ። 400 ሺህ ብር ገብቶ ምንም ያልተገዛበት ቤት ለዳኛም አይዋጥም።

ተንኮሉ ሲጠና ደግሞ ወንድምየው ሌላ ፍርድ ቤት ይከስሰዋል፣ ባልየው ቀርቦ "አዎ፣ አለብኝ" ይላል፣ በሁለት ቀጠሮ ፍርድ ይወጣል። ያን ፍርድ ይዘው ወደ ጋራው ቤት ይመጣሉ። አንቺ በመዝገቡ አልነበርሽም። መውጫው የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 ነው። በክርክሩ ውስጥ መግባት ሲገባው ያልገባና ፍርዱ መብቱን የሚነካበት ሰው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ተቃውሞው የሚቀርበው የፍቺ መዝገብሽ ያለበት ፍርድ ቤት አይደለም፤ ያንን ፍርድ የሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ክርክሩ ገና ሳያልቅ ከደረስሽ ደግሞ በአንቀጽ 41 ጣልቃ መግባት ትችያለሽ።

8. ክሱን ማስገባት

ክሱ ላይ ፍርድ ቤቱ ለምን ሥልጣን እንዳለው በግልጽ ጻፊ፤ የተከሳሹ መኖሪያ፣ ንብረቱ ያለበት፣ ቀደም ሲል ፍቺው የተወሰነበት መዝገብ ቁጥር። ንብረቱን አንድ በአንድ፣ ግምቱንና ማስረጃውን ከጎኑ። ዕዳውን እንደዚሁ፤ የአንቺ ያልሆነውንም "የግሉ ነው" ብለሽ ጥቀሺ፣ ዝም ካልሽ እሱ በመልሱ በራሱ መንገድ ያመጣዋል። የጋብቻ ማስረጃ፣ የካርታ ቅጂ፣ ሊብሬ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የምስክር ዝርዝር ይያያዝ። ከክሱ ጋር ያላያያዝሽውን በኋላ ላስገባ ብትዪ ማስፈቀድ ይኖርብሻል።

የንብረት ጥያቄ በግምቱ ላይ የተመሠረተ የዳኝነት ክፍያ አለው። አቅም ከሌለሽ በድህነት ለመክሰስ አመልክቺ፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይፈቅዳል፣ የቀበሌ ማስረጃ ይዘሽ ቅረቢ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ መጠየቅ ነው። እስከ ፍርድ ድረስ ለልጆችና ለአንቺ ቀለብ ካስፈለገም በጊዜያዊ ትዕዛዝ ጠይቂ።

9. አንቺ ተከሳሽ ከሆንሽ

መጥሪያ ሲደርስሽ መጀመሪያ የምታዪው የሥልጣኑን ነገር ነው። "ይሄ ቦታ አይደለም" የሚል መቃወሚያ ካለሽ በመጀመሪያው መልስሽ ላይ አንሺው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 10 መሠረት የቦታ ሥልጣን መቃወሚያ በጊዜው ካልተነሳ ያልፋል። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ጉዳዩን የማየት የደረጃና የክልል-ፌዴራል ሥልጣን፣ ግን ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ በማንኛውም ጊዜ ሊያነሳው ይችላል፣ ያለ ሥልጣን የተሰጠ ፍርድም ይግባኝ ላይ ይፈርሳል።

መቃወሚያን ለማጓተቻ ብቻ ማንሳት ግን ጅልነት ነው። ሁለታችሁም አዳማ እየኖራችሁ "ኮንዶሚኒየሙ አዲስ አበባ ነው" ብሎ መዝገቡን ማዘጋት፣ በፍጥነት መንገዱ እየተመላለሱ ሁለተኛ ጠበቃ መቅጠር ነው ትርፉ።

መቃወሚያ አነሳሁ ብለሽ ዋናውን መልስ አትተዪ። ሁለቱንም በአንድ ጽሑፍ ስጪ፤ አንቺም ከሱ የምትጠይቂው ካለ በተከሳሽ ከሳሽነት፣ ማለትም በራስሽ መልሶ ክስ፣ እዚያው አቅርቢ።

10. ከፍርድ በኋላ

መጀመሪያ በዓይነት ይካፈላል፤ በዓይነት ካልተቻለ፣ ባጃጅን ለሁለት መክፈል ስለማይቻል፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ ከፍሎ ያስቀራል። በዚያም ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ዋጋ ይገድላል። በባለሙያ ግምት ተስማምተሽ ገንዘብ ብትቀበዪ ብዙ ጊዜ ያዋጣሻል።

ይግባኝ ማለት ከፈለግሽ ጊዜው 60 ቀን ነው። የፍርድ ግልባጩን በዚያው ሳምንት ጠይቂ፣ ግልባጭ ስትጠብቂ ቀኑ ይነጉዳል። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ ማስቆም ከፈለግሽ ዕግድ ከይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ታወጪያለሽ።

ፍርዱ ራሱን አይፈጽምም። የአፈጻጸም መዝገብ የምትከፍቺው አንቺ ነሽ፣ ለሱም 10 ዓመት አለሽ፤ ግን አንድ ወርም አታሳድሪው። የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ላይ አፈጻጸሙ እዚያ ላለው ፍርድ ቤት እንዲላክልሽ ጠይቂ። የቦኩውን ቤት በስምሽ ለማዞር ማህተም ያረፈበት የፍርድ ግልባጭና ለመሬት አስተዳደር የተጻፈ የአፈጻጸም ትዕዛዝ ያስፈልግሻል። በክሱ ጊዜ ያስወጣሽው ዕግድ እዚያው ፋይል ውስጥ አለ፤ "ዕግዱ ተነስቷል" የሚል ደብዳቤም አብረሽ ካላስጻፍሽ የራስሽ ዕግድ የራስሽን ካርታ ይይዘዋል።